ፉርሽካው የት ይደር?

ከመሿለኪያ እስከ ካዛንቺስ ባለው የቂርቆስ ክፍለ ከተማ ላም የሚያረባው ቤተሰብ ቁጥሩ ከዓመት ዓመት እየሳሳ ቢሄድም ፈጽሞ አልጠፋም። በ2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ በጓሮ ወተትና እንቁላል ማምረት የመንግሥትም አጀንዳ ሆኗል። ስለ ዝርያ፣ ስለ ማዳቀልና ስለ ወተት ዋጋ ብዙ ይባላል፤ መኖው ከተገዛ በኋላ የት እንደሚያድርና በምን ተሰፍሮ ለላሚቱ እንደሚቀርብ ግን ጠያቂው ጥቂት ነው። ይህ ምልልስ ያንን ለመመርመር የተጻፈ ነው። ተነጋጋሪዎቹ አንዲት ላም አርቢና አንድ የመኖ ባለሙያ ሲሆኑ ክርክሩን ለማሳየት የቆሙ እንጂ በእውን ያሉ ሰዎች አይደሉም። የጸሐፊው ሐሳብ ወደ ባለሙያው ያደላል፤ አርቢዋ የሚረቱበት ቦታም አለ።

አርቢዋ፦ ልጄ፣ እኔ የማምነው መኖ የሚገዛው ሲረክስ ነው ብዬ ነው። ስንዴው ገብቶ ዱቄት ፋብሪካው ሥራ ሲበዛበት፣ ኑጉ ተወቅቶ የዘይት መጭመቂያው ሲፈጭ፣ ፉርሽካና ፋጉሎ ገበያ ላይ ይትረፈረፋል፤ ክረምት ሲገባ ዋጋው ይሰቀላል። የሱሉልታው ድርቆሽም እንዲሁ ነው፤ ታጭዶ በታሰረበት ወቅት ያልገዛ ሰው በሰኔ አንዷን እስር በስንት ልመና ያገኛታል። በዚያ ላይ ሁዳዴ አለ። ሃምሳ አምስት ቀን ሙሉ የወተት ደንበኛው ይሸሻል፣ ላሚቱ ግን አትጾምም። በጥር እጁ ላይ ገንዘብ ያለው ሰው እስከ መስከረም የሚያደርሰውን ገዝቶ ቢያስቀምጥ ጾሙንም ዝናቡንም ሳይጨነቅ ያልፋቸዋል። የከተማ አርቢ ያጣው ገንዘብና ቦታ ነው፤ ሌላው ሁሉ ዝርዝር ነው።

ባለሙያው፦ እትዬ፣ ሲረክስ መግዛቱን አልቃወምም፤ የምቃወመው ብዙ መኖ በጠባብ ግቢ ውስጥ ብዙ ወር እንዲቆይ ማድረጉን ነው። እስቲ አብረን እናስላው። አራት ዲቃላ ላሞች በቀን ስድስት ስድስት ኪሎ የፉርሽካና የፋጉሎ ድብልቅ ቢበሉ 24 ኪሎ ነው፤ በወር ሰባት ኩንታል አልፎ ይሄዳል። ፉርሽካ ቀላል ነው፤ አንድ ሜትር ኩብ ቦታ የሚይዘው ከ200 እስከ 250 ኪሎ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ የአንድ ወሩ ብቻ ወደ ሦስት ሜትር ኩብ ይወስዳል። ከጥር እስከ መስከረም እናቆይ ካልን 65 ኩንታል፣ ማለትም 26 ሜትር ኩብ ግድም ይሆናል። ሦስት ሜትር በሦስት ሜትር የሆነ ክፍል ከወለሉ እስከ ጣሪያው ቢሞላ እንኳ አይበቃውም፤ ድርቆሹን ገና አልቆጠርነውም። ቂርቆስ ውስጥ ለጆንያ ብቻ ሙሉ ክፍል ያለው ማነው? ስለሌለ ጆንያው ከበረቱ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ይደረደራል፤ ወይም በግድግዳና በአጥር መካከል ባለው ክፍተት ውስጥ ሸራ ተደርቦበት ይቀመጣል። በጥር በርካሽ የተገዛው መኖ በነሐሴ ምን ሆኖ እንደሚወጣ ካላየን ርካሽ ነበር ማለት አንችልም። እኔ የምለው ይኼው ነው፤ ለከተማ አርቢ ትርፉም፣ የወተቱም ደኅንነት የሚወሰነው መኖው በሚያድርበት ቦታ፣ በሚቆይበት ጊዜና በሚሰፈርበት ሚዛን ነው፤ የግዢው ብዛት ከእነዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

አርቢዋ፦ አያቶቻችን እኮ እህሉን በጎተራ ዓመት ከዓመት ያቆዩት ነበር። ጤፉ ሁለትና ሦስት ዓመት ሲቆይ አንዳች አይሆንም። በገጠሩ የሚሆነው በከተማ የማይሆነው ለምንድን ነው? ነቀዝ እንደሆነ ያው ነቀዝ ነው፣ አይጥም ያው አይጥ ነው።

ባለሙያው፦ ጎተራው ውስጥ የነበረው ሙሉ ፍሬ ነው። ሙሉ ፍሬ ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ ልባሱ ይጠብቀዋል፣ ዘይቱም በውስጡ ተዘግቶ ይቀመጣል። ፉርሽካ ግን ያ ልባስ ራሱ ተገፎና ተፈጭቶ የወጣው ነው፤ የተጋለጠ ገጽታው ብዙ ነው፣ ከአየሩ እርጥበት ይስባል፣ ከፍሬው እምብርት የመጣው ቅባትም ከአየር ጋር ተገናኝቶ በጥቂት ወራት ውስጥ ይከረፋል። ፋጉሎው ይብሳል። በትንንሽ መጭመቂያ የወጣ የኑግ ፋጉሎ ዘይቱ ተሟጥጦ ስለማይወጣ ቶሎ ይበላሻል፤ አንዳንዴም ከመጭመቂያው ገና ትኩስ ሳለ ወደ ጆንያ ስለሚገባ እንፋሎቱ እዚያው ታፍኖ ይቀራል። አያቶቻችንም ቢሆኑ ጎተራውን መሬት ላይ አላስቀመጡትም፤ በድንጋይ ወይም በእንጨት ከፍ አድርገው፣ በጭቃና በእበት ለስነው፣ ክዳኑን አጥብቀው ነው ያኖሩት። የመሬት እርጥበትን፣ ዝናብንና አይጥን አውቀው የሠሩት ነው። እኛ ወደ ከተማ ስንመጣ ጎተራውን ትተን ጆንያውን ብቻ ይዘን ቀረን፤ ጆንያውንም ሲሚንቶ ወለል ላይ አጋደምነው። ሲሚንቶ ደረቅ ይመስላል እንጂ ከሥሩ ያለውን እርጥበት ወደ ላይ ያወጣል። የቆርቆሮው ጣሪያም ቀን ግሎ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ከውስጥ በኩል ያልብና ያንጠባጥባል፤ አዲስ አበባ በሐምሌና በነሐሴ እንዴት እንደምትበርድ ያውቁታል። ላሞቹ የሚተነፍሱት አየርና የበረቱ ሽንት ሲጨመርበት፣ መኖና ከብት በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያድሩበት ቤት ለሻጋታ የተመቸ ቤት ይሆናል።

አርቢዋ፦ የሻገተ መኖ እኔም አላበላም። ጠረኑ ይነግረኛል፤ ጉብጉብ ብሎ ከተጋገረ ወይም አረንጓዴ ነገር ከታየበት እለየዋለሁ። ትንሽ ከሆነ ፀሐይ ላይ አሰጣዋለሁ፣ ይደርቅና ይስተካከላል። ደግሞስ ወተቱን የሚገዛው ሰው አፍልቶ አይደል እንዴ የሚጠጣው?

ባለሙያው፦ እዚህ ላይ ነው ነገሩ ከኪሳራ አልፎ የጤና ጉዳይ የሚሆነው። አስፐርጊለስ ፍላቨስ የሚባለው ሻጋታ አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ያመነጫል። መርዙ አይታይም፣ አይሸትም። ሻጋታው በፀሐይ ደርቆ ቢሞት መርዙ እዚያው ይቀራል፤ ፀሐዩ ተጨማሪ እንዳይፈጠር ያደርግ ይሆናል እንጂ የነበረውን አያጠፋውም። ላሚቱ ቢ1 የተባለውን አፍላቶክሲን በመኖ ስትበላ ጉበቷ ወደ ኤም1 ይለውጠዋል፤ ይህ በአንድ ቀን ጊዜ ውስጥ በወተቷ መውጣት ይጀምራል። ማፍላት አያጠፋውም። ከወተቱ ፕሮቲን ጋር ስለሚጣበቅ አይብ ሲወጣ አይቡ ውስጥ ከወተቱ ይልቅ በርክቶ ይገኛል። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ አፍላቶክሲንን በሰው ላይ ካንሰር ማምጣታቸው ከተረጋገጡት ነገሮች ጋር መድቦታል። ይህ ደግሞ ለእኛ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። እዚሁ አዲስ አበባ የሚገኘው የዓለም አቀፉ የእንስሳት ሀብት ምርምር ተቋም ባለሙያዎች የተሳተፉበት፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት ለአዲስ አበባ ወተት ከሚያቀርቡ አካባቢዎች 110 የወተትና 156 የመኖ ናሙናዎችን መርምሯል። መርዙ ያልተገኘበት አንድም የወተት ናሙና አልነበረም። የአውሮፓ ኅብረት በሊትር ወተት የሚፈቅደው ጣሪያ 0.05 ማይክሮግራም ነው፤ ከዚያ ያላለፉት ናሙናዎች ዘጠኝ ብቻ ነበሩ። ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ ኮዴክስ ከዚያ አሥር እጥፍ የላላ፣ 0.5 ማይክሮግራም ይፈቅዳል፤ 29 ናሙናዎች እሱንም አልፈውታል። ከመኖዎቹ መካከል የባሰው የኑግ ፋጉሎ ሆኖ በኪሎ ከ290 እስከ 397 ማይክሮግራም ቢ1 ተገኝቶበታል። የአሜሪካ ሕግ ለወተት ላም መኖ የሚፈቅደው በኪሎ 20 ማይክሮግራም መሆኑን ስናስብ ርቀቱ ይታየናል። እንዲህ ያለ ወተት ተፈልቶ ለሕፃናትም ይሰጣል፤ በጠረንና በዓይን የተለየ መኖ ይበቃል ማለት ከዚህ በኋላ አይቻልም።

አርቢዋ፦ እንግዲያው እኔን ለምን ትከሰኛለህ? ራስህ እኮ ተናገርከው፤ መርዙ ያለው ፋጉሎው ላይ ነው። ኑጉ ማሳ ላይ ወይም በነጋዴው መጋዘን ሻግቶ፣ ያው የሻገተው ተጨምቆ ዘይቱ ወደ ሰው፣ ፋጉሎው ወደ ላም ሄደ። እኔ ገና ጆንያውን ሳልፈታው መርዙ በውስጡ አለ። አዲስ አበባ ብርድ ናት፤ ይህ ሻጋታ ሙቀት የሚወድ መሆኑንም ሰምቻለሁ። ርብራብ ብሠራ፣ ክዳን ብገዛ፣ ከፋብሪካው የመጣውን መርዝ አላወጣውም። ጥፋቱ የመጭመቂያውና የተቆጣጣሪው ሆኖ ሳለ ምክሩ ሁሉ ምስኪኑ አርቢ ላይ ይወርዳል።

ባለሙያው፦ በዚህ ላይ ይረታሉ፤ እኔም አልከራከርም። ከፍተኛው ጥፋት ከግቢዎ ውጭ ነው። ሻጋታው ከ25 እስከ 35 ዲግሪ ባለው ሙቀት እንደሚበረታ የሰሙት ልክ ነው፤ አብዛኛው መርዝ ፋጉሎው አዲስ አበባ ሳይደርስ የተፈጠረ መሆኑ አይቀርም። የእንስሳት መድኃኒትና መኖ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 728/2004 ከወጣ ከአሥር ዓመት በላይ አልፎታል፤ በአዋጁ መንፈስ ብንሄድ ፋጉሎው ከመጭመቂያው ሳይወጣ ሊመረመር ይገባው ነበር። ይህን የሚያስተውል ሰው ሸክሙን አርቢው ጫንቃ ላይ ብቻ አይጭንም። ሆኖም ሁለት ነገር ከእጅዎ አልወጣም። አንደኛው፣ የአዲስ አበባ አየር ቢበርድም እርጥብ መኖ ራሱን በራሱ ያሞቃል። በተከመረ እርጥብ ፉርሽካ ውስጥ እጅ ቢያስገቡ ሙቀቱ ይታወቃል፤ ስለዚህ የውጭው ብርድ ብቻውን ዋስትና አይሆንም፣ ያለው መርዝ ላይ ሌላ ይጨመራል። ሁለተኛው ደግሞ መጠኑ ነው፤ ላሚቱ በቀን የምትበላውን ፋጉሎ የሚወስኑት እርስዎ ነዎት።

ይህችን ሁለተኛዋን በቁጥር ላስረዳዎ። ላሚቱ ከበላችው ቢ1 ውስጥ ወደ ወተት የሚያልፈው ብዙ ጊዜ ከመቶ አንድ ወይም ሁለት እጅ ነው፤ ብዙ በምትታለብ ላም እስከ ስድስት ይደርሳል። ሁለቱን እንያዝ። ከስድስት ኪሎ ድብልቅ ውስጥ 1 ኪሎ ከ800 ግራሙ በኪሎ 300 ማይክሮግራም ያለበት ፋጉሎ ቢሆን ላሚቱ በቀን 540 ማይክሮግራም ትበላለች፤ ወደ 11 የሚጠጋው በወተቷ ይወጣል። 12 ሊትር ብትታለብ ለእያንዳንዱ ሊትር 0.9 ይደርሳል፤ የኮዴክስን ጣሪያ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ያንኑ ፋጉሎ ወደ 600 ግራም ብናወርደው ሊትሩ 0.3 ላይ ይመለሳል። ፋጉሎው ያው፣ ላሚቱም ያቺው፤ የተለወጠው ልኩ ብቻ ነው። አሁን ይህን ከአሰፋፈሩ ጋር ያገናኙት። ብዙው የከተማ አርቢ የሚሰፍረው በጣሳ ወይም በባልዲ ነው። አንድ ጣሳ የተፈጨ ፋጉሎ አንድ ጣሳ ፉርሽካ ከሚመዝነው እጥፍ ያህል ይመዝናል። በጣሳ ቆጥሮ ሁለት እጅ ፉርሽካ ለአንድ እጅ ፋጉሎ ያደረገ ሰው በክብደት እኩል ለእኩል ቀላቅሏል ማለት ነው። ማለዳ ቸኩሎ የሚሰፍረው ልጅና ማታ የሚሰፍረው ሠራተኛ የየራሳቸው ጣሳ ቁልል ካላቸው ደግሞ ላሚቱ ምን እንደበላች የሚያውቅ ሰው የለም። አንዲት የምታንጠለጠል ሚዛን፣ ለእያንዳንዱ መኖ የተለየች ጣሳ፣ ጣሳዋ ላይ አንድ ጊዜ ተመዝኖ የተሰመረ ምልክት፤ ወጪው ከአንድ ኩንታል ፋጉሎ የሚበልጥ አይመስለኝም። በአንድ ዓመት ውስጥ ለአርቢው ከዚህ የበለጠ የሚመልስለት ነገር አላውቅም።

አርቢዋ፦ ፋጉሎ ስቀንስ ወተቱም ይቀንሳላ። ፉርሽካ ሆድ ይሞላል እንጂ ጡት አይሞላም ይባላል። አሥራ ሁለቱ ሊትር ዘጠኝ ቢሆን ልዩነቱን የሚከፍለኝ ማነው? ንጹሕ ወተት ነው ብዬ አስበልጬ ልሸጠው አልችልም፤ ገዢው ጎረቤቴ ነው፣ የሚገዛውም በሊትር ነው።

ባለሙያው፦ ፕሮቲኑ ከሌላ ቦታ ካልመጣ ይቀንሳል፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ለቂርቆስ አርቢ ቅርቡ ምንጭ የቢራ ፋብሪካ ተረፈ ምርት ነው። በአገሪቱ ከቆዩት አንዱ የሆነው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ በሜክሲኮ አካባቢ ለረጅም ዘመን የሠራ ነው፤ በየአቅጣጫው የተከፈቱት ፋብሪካዎችም ብዙ ናቸው። የብቅሉ ገለባ በፕሮቲን ደህና ነው፤ ነገር ግን ከመቶ 75 እስከ 80 እጁ ውሃ ነው፤ ክፍት ከተቀመጠ በሁለት በሦስት ቀን ይበላሻል። መፍትሔው ዕለቱን ወደ በርሜል አስገብቶ፣ በእግር ወይም በእንጨት ጠቅጥቆ አየሩን ማስወጣት፣ በላስቲክ ሸፍኖ ከላይ ከባድ ነገር መጫን ነው፤ እንዲህ ሲሆን ሳምንታት ይቆያል። አንዴ ከተከፈተ ግን በየቀኑ ከላይ እኩል እየተነሣ ቶሎ ማለቅ አለበት። የጠላና የአረቄ አተላ ከሆነ የዕለቱን በዕለቱ ነው። አልፋልፋ የተባለው የመኖ ተክል ከከተማው ዳር ከሚያለሙ ሰዎች ደርቆ ቢገኝ በጣም ይረዳል። ቤንቶናይት የተባለው የሸክላ ዓይነት ከመኖ ጋር ተቀላቅሎ መርዙን አንጀት ውስጥ እንደሚይዝ በምርምር ታይቷል፤ ሆኖም ልኩ በባለሙያ የሚወሰን ነገር ነው፣ ከየትም የተቆፈረ አፈር ለላም አይሰጥም። ዩሪያም ለገለባ ማከሚያ የሚጠቀምበት አለ፤ ጆንያው ከጨው ጆንያ ጋር ጎን ለጎን እንዳይቀመጥ አደራ እላለሁ። ሁለቱም ነጭ ናቸው፤ በጨለማ ተሳስቶ የሰፈረ ሰው ላሚቱን በሰዓታት ውስጥ ያጣታል። የሊትሩን ልዩነት ማን ይከፍላል ላሉት አሁን የሚከፍል የለም። ወተት በጥራቱ ተመርምሮ የሚገዛበት ገበያ እስኪኖር ድረስ ጥንቃቄው የአርቢው ኪሳራ ሆኖ ይቆያል፤ ይህ ፍትሐዊ አይደለም።

አርቢዋ፦ እሺ፣ ቦታው ላይ እንመለስ። በውጭ አገር ከላይ የሚሞላ፣ ከታች መዝጊያው ሲከፈት መኖው የሚወርድ የብረት ጎተራ እንዳለ አይቻለሁ፤ ቁመቱ ረጅም ስለሆነ መሬት አይፈጅም። እንዲህ ያለ ነገር በብረታ ብረት ቤት ባሠራ ያዋጣኛል?

ባለሙያው፦ ለእርስዎ አያዋጣም። በዚያ አገር ጎተራው የሚሞላው እንክብል ተደርጎ በተሠራ መኖ ነው፤ እንክብል ይንሸራተታል። ፉርሽካ ግን ቀላልና ተያያዥ ነው፤ ጠባብ መውረጃ ላይ ሲደርስ እርስ በእርሱ ተደጋግፎ ድልድይ ይሠራና ይቆማል። ለማውረድ ሲደበደብ መሃሉ ብቻ ተቦርቡሮ ይወርዳል፤ በጎንና በጎን ያለው እዚያው ወራት ተቀምጦ ይሻግታል። ግድግዳው ከ60 ዲግሪ በላይ ቀጥ ያለ፣ መውረጃውም ሰፊ ካልሆነ አይሆንም፤ ያን ያህል ቀጥ ያለ ከሆነ ደግሞ ቁመቱ ከአጥር በላይ ይወጣል። ከሁሉም በላይ ብረቱ በፀሐይ ግሎ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ውስጡ ያልባል። ለአራት ላም የሚሆነው ከዚህ የቀለለ ነው። ከበረቱ በግድግዳ የተለየች ትንሽ ማዕዘን ትኑር፤ ከወለሉ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ያለ የእንጨት ርብራብ ይሠራላት፣ ጆንያው ከግድግዳው ግማሽ ሜትር ይራቅ። ይህ ክፍተት ቦታ ማባከን የሚመስላቸው አሉ፤ አየር የሚያልፈውም፣ አይጥ ስትገባ የምትታየውም በእሱ ነው። እያንዳንዱ ጆንያ ላይ የገባበት ቀን በከሰል ወይም በቀለም ይጻፍ፣ መጀመሪያ የገባው መጀመሪያ ይውጣ። አዲሱ ጆንያ አሮጌው ላይ የሚጫንበት ልማድ ብዙ መኖ ያበላሻል፤ ከሥር ያለው አይነሣምና። ከዚያ ለአንድ ለሁለት ቀን የሚሆነውን ብቻ ክዳኑ በሚገጥም በርሜል ውስጥ ያድርጉ። 200 ሊትር የሚይዘው በርሜል ወደ 50 ኪሎ ፉርሽካ ይይዛል፤ ለአራት ላም የሁለት ቀን ነው። በርሜሉ ባዶ ሳይሆንና ሳይጠረግ አዲስ አይጨመርበት፤ ሥሩ ላይ የቀረችው እፍኝ ናት አዲሱን የምታበላሸው። በርሜሉ ቀድሞ ኬሚካል የነበረበት እንዳይሆን ጠይቀው ይግዙ።

አርቢዋ፦ መኖን በክዳን ሲዘጉት ያፍናል፣ ይበልጡን ይሻግታል የሚሉም አሉ።

ባለሙያው፦ እርጥብ ከሆነ እውነታቸውን ነው። አየር የማያስገባው ሦስት ድርብ ከረጢት ለእህል በአገራችን ጥሩ ውጤት ያሳየው ደረቅ እህል ሲገባበት ነው። እርጥቡን አፍኖ ማስቀመጥ ሻጋታን መቀለብ ነው። ሙሉ በቆሎ ለሚገዛ ሰው መፈተኛው ቀላል ነው፤ ደረቅ ጨውና በቆሎ በደረቅ ጠርሙስ አድርጎ ጥቂት ደቂቃ ከነቀነቀ በኋላ ጨው የጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እህሉ ገና እርጥብ ነው። ፉርሽካ በዚህ አይፈተንም፤ በእጅ ሲጨብጡት ተጋግሮ የሚቀር ከሆነ አይግዙት።

አርቢዋ፦ ይህን ሁሉ ባደርግ የምገዛው የሦስት ሳምንት፣ ቢበዛ የወር ነው ማለት ነው። እንግዲያው የክረምቱን ዋጋ ከነጋዴው ትርፍ ጋር ልከፍል ነው። ካዛንቺስንም አየን፤ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ለኮሪደር ልማቱ ስትፈርስ ብዙው ሰው ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌላ ሰፈር ተዛወረ። ነገ ይኑር አይኑር በማይታወቅ ግቢ ውስጥ ግድግዳ ለይተህ ርብራብ ሥራ ትለኛለህ። አንዳንዱ ሰው ደግሞ ላም ከከተማ መሃል ትውጣ ይላል፤ ምናልባት የሚሻለው እሱ ይሆን እንዴ?

ባለሙያው፦ ርብራብ ይነቀላል፣ በርሜልም ይጓዛል፤ ያልኩት ሁሉ በአንድ ጭነት የሚነሣ መሆኑን አስቤ ነው። ላሚቱ ከመሃል ከተማ ትውጣ የሚለውን ክርክር ግን ከሥሩ ማየት ያስፈልጋል። ብትወጣ ገላን ላይ የምትበላው ይህንኑ ፋጉሎ ነው። ከላይ ያነሣሁት ጥናት ናሙና የወሰደው ከመሃል ከተማ ጓሮ ብቻ አልነበረም፤ የከተማውን ዙሪያ ይጨምራል፣ መርዙም በየትኛውም በኩል ተገኝቷል። ላሟን ማራቅ ሽታውንና ፍሳሹን ከጎረቤት ያርቃል፣ ያ አንድ ነገር ነው፤ ወተቱን ግን አያጠራውም።

ዋጋውን በተመለከተ ያሉት ትልቁ ነጥብ ነው፤ የእኔ ክርክርም የሚቆመው ወይም የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። በጅምላ መግዛት ትክክል ነው፤ ስህተቱ ጅምላውን እያንዳንዱ በየጓሮው ለማኖር መሞከሩ ነው። ሠላሳ አርቢ ሆናችሁ ብትገዙ ከዱቄት ፋብሪካውና ከመጭመቂያው በመኪና በቀጥታ ይጫናል፤ ማረፊያውም የጭነት መኪና በቀላሉ በሚደርስበት፣ መሬቱ በማይጨናነቅበት የከተማ ዳር የተከራያችሁት መጋዘን ይሁን። ከዚያ በየሁለት ሳምንቱ ለየአባሉ በሚዛን እየተመዘነ ይምጣ። መጋዘኑ አንድ ስለሆነ ወለሉን በአግባቡ መሥራት፣ አየር ማስገቢያውንና አይጥ መከላከያውን ማሟላት ይቻላል፤ ሠላሳ ቦታ ግን አይቻልም። ከሁሉም የሚበልጠው ምርመራው ነው። አንድ ሰው ለአንድ ኩንታል ፋጉሎ የአፍላቶክሲን ምርመራ ሊከፍል አይችልም፤ አንድ መኪና ፋጉሎ የሚገዛ ማኅበር ግን ከየቦታው ናሙና አስወጥቶ ማስመርመር ይችላል፤ ውጤቱ ከፍ ካለ ጭነቱን ይመልሰዋል። መጭመቂያው ቢ1ን እንዲያስብ የሚያደርገው የተመለሰበት የመጀመሪያው መኪና ነው። እኔ ብቻዬን መርዙን አላወጣውም ብለው ነበር፤ ብቻዎን አያወጡትም፣ ሠላሳ ሆናችሁ ግን ከበር ልትመልሱት ትችላላችሁ።

አርቢዋ፦ ማኅበር ብዙ አይተናል። ገንዘቡን የያዘው ይጠፋል፣ ጥሩው ጆንያ ለሊቀ መንበሩ ዘመድ ይሄዳል፣ ሌላው ጥራጊውን ይወስዳል። ብዙዎቻችን ላም የምናረባው ማንንም ሳንለምን ለመኖር ነው።

ባለሙያው፦ ፍርሃትዎ ከመሬት ተነሥቶ የመጣ አይደለም። ግን በዕለት ዕለት አሠራር የሚመለስ ነው። የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 ሂሳብ እንዲመረመርና አባላት መሪያቸውን እንዲሽሩ መብት ይሰጣል፤ ከሕጉ በላይ የሚጠቅመው ግን የመጋዘኑ መዝገብ ነው። እያንዳንዱ ጭነት የገባበት ቀን፣ ከየት እንደመጣ፣ ክብደቱና የምርመራ ውጤቱ በር ላይ ይለጠፍ፤ የሚወጣውም በመጣበት ቅደም ተከተል በሚዛን ይውጣ። ቀን በተጻፈበት ጆንያ ለዘመድ ማዳላት አስቸጋሪ ነው። በቢሾፍቱ የአድአ ወተት አምራቾች የኅብረት ሥራ ማኅበር ለአባላቱ መኖ ሲያቀርብ ቆይቷል፤ የአዲስ አበባ አርቢም ከዚያ ሊማር የሚችለው ብዙ ነው። የክፍለ ከተማው የከተማ ግብርና ጽሕፈት ቤትም በሌማት ትሩፋት ስም ጊደርና ጫጩት ሲያከፋፍል አብሮ የሚጋራ የመኖ መጋዘንና የአፍላቶክሲን መመርመሪያ ማቅረብ አለበት ብዬ አምናለሁ። ጊደር ሰጥቶ መኖውን አለመመርመር ወተቱን የሚጠጣውን ሕፃን መርሳት ነው።

አርቢዋ፦ ጣሳዬን እንኳ ነገ እመዝነዋለሁ፤ እሱ የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። ማኅበሩን ግን ሰው ካልተገናኘ እኔ ብቻዬን አላቆመውም።

ባለሙያው፦ የክረምቱ ፋጉሎ የሚገዛው በጥርና በየካቲት ነው፤ ሐምሌ ላይ ተሰብስቦ ቢመከር ዘግይቷል። በቂርቆስም ሆነ ከካዛንቺስ ተነሥታችሁ በገላን ጉራ ላም የምታረቡ ሁሉ፣ ከሚቀጥለው ጥር በፊት ተገናኝታችሁ መጋዘኑን ተከራዩ፣ ሳይመረመር የመጣውንም ጭነት አትቀበሉ።